ለሕፃናት የሚስማማ ውሻ፦ በዝርያ ወይስ በአስተዳደግ?

ውሻ ከሰው ልጅ ጋር መኖር የጀመረው እህል መዝራትና ከብት ማርባት ከመጀመሩ አስቀድሞ ነው። ከግራጫ ተኩላ ተለይቶ ለማዳ እንስሳ ከሆነ ቢያንስ 14 ሺህ ዓመታት እንዳለፉ የጥንት አፅሞች ያመለክታሉ። በአገራችን ውሻ በአብዛኛው የሚታወቀው ግቢ በመጠበቅና ከብት በማገድ ነው። ትንሽ ልጅ ያለው ቤተሰብ ግን ውሻ ለማሳደግ ሲያስብ የሚያነሣው ጥያቄ ሌላ ነው፤ “ለልጆች የሚሻለው የትኛው ዝርያ ነው?” ይላል። በዚህ ጽሑፍ ሳይንስ ለጥያቄው የሚሰጠውን መልስ እንመረምራለን።

ዝርያ ምን ያህል ይናገራል?

ዛሬ በስም የምናውቃቸው አብዛኞቹ የውሻ ዝርያዎች አሁን ያላቸውን መልክ የያዙት ባለፉት 200 ዓመታት ገደማ ነው። አርቢዎች በዚህ ዘመን በእጅጉ ያተኮሩት በቁመት፣ በጠጉር ቀለምና በጆሮ ቅርጽ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 “ሳይንስ” በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት ስለ 18 ሺህ ያህል ውሾች ባሕርይ ከባለቤቶቻቸው መረጃ ሰብስቦ፣ የ2,155 ውሾችንም ጂኖም መርምሯል። በውጤቱም በውሾች መካከል ከሚታየው የባሕርይ ልዩነት ውስጥ ዝርያ የሚያብራራው 9 በመቶ ያህሉን ብቻ ሆኖ ተገኝቷል።

ይህ ማለት ዘር ሚና የለውም ማለት አይደለም። ፍርሃትም ሆነ ድፍረት ከወላጅ ወደ ልጅ በከፊል ይወረሳል። ነገር ግን የዝርያው ስም ስለ አንድ ውሻ ጠባይ የሚነግረን እጅግ ጥቂት ነው። ከሌላው ተመሳሳይ ዝርያ ካላቸው ሁለት ውሾች አንዱ ገር፣ ሌላው ቁጡ ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ የሰውነት ግዝፈት ከዝርያ ጋር የተያያዘ ነው፤ ገር የሆነ ትልቅ ውሻም ቢሆን ለመጫወት ሲል ሕፃንን ገፍቶ ሊጥል ይችላል።

ወሳኞቹ ሳምንታት

“ውሻ በበላበት ይጮኻል” ይላሉ አበው። አባባሉ ለጥበቃ ይሠራ ይሆናል፤ ለወዳጅነት ግን ምግብ ብቻውን አይበቃም። ፍሪድማን፣ ኪንግና ኤሊየት የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ሜይን ግዛት በሚገኘው የጃክሰን ቤተ ሙከራ ያካሄዱትንና እ.ኤ.አ. በ1961 ያሳተሙትን ሙከራ እንመልከት። ቡችሎቹ ከእናቶቻቸው ጋር በታጠረ መስክ ውስጥ ያለ ሰው ንክኪ አደጉ። ምግብና ውኃ አልተጓደለባቸውም። ከፊሎቹ በተለያየ ዕድሜ ለአንድ ሳምንት ብቻ ከሰው ጋር እንዲቆዩ ሲደረግ፣ የተቀሩት እስከ 14ኛው ሳምንት ሰው ሳይቀርባቸው ቆዩ። እነዚህ የኋለኞቹ ጠግበው ያደጉ ቢሆኑም ከሰው እንደ ዱር አውሬ የሚሸሹ ሆኑ።

ከዚህና ከተከታዮቹ ጥናቶች እንደምንረዳው፣ ቡችላ በዙሪያው ያለውን ዓለም የሚለምድበት ዋነኛ ጊዜ በ3ኛውና በ12ኛው ሳምንት መካከል ያለው ነው። በዚህ ዕድሜ የሕፃናትን ጩኸት፣ ሩጫና ዳሰሳ በለዘብታ የለመደ ውሻ በኋላም አይደናገጥባቸውም። ከሕፃንነቱ ጀምሮ በሰንሰለት ታስሮ ያደገ ውሻ ግን ይህ ዕድል ያመልጠዋል።

ምርጫው እንዴት ይሁን?

በመጀመሪያ እናቲቱን ማየት ይገባል። እናቲቱ ሰው ሲቀርባት የምትሸማቀቅ ወይም የምታጉረመርም ከሆነ ቡችሎቿ ይህን ጠባይ በዘርም በማየትም ሊወርሱ ይችላሉ። ቀጥሎ ቡችሎቹ በቤት ውስጥ ከሰው ጋር ወይስ ተነጥለው እንዳደጉ እንጠይቅ። ቡችላውን ከእናቱ ለመለየት 8 ሳምንት እስኪሞላው መጠበቅ ተገቢ ነው። በራሱ ፈቃድ ወደ ሰው የሚመጣና በድንገተኛ ድምፅ ደንግጦ ወዲያው የሚረጋጋ ቡችላ ይመረጣል። ይሁንና የአንድ ቀን ፈተና የወደፊት ጠባዩን በእርግጠኝነት አይናገርም። ስለዚህ ከልጆች ጋር በሰላም መኖሩ የታወቀ ጎልማሳ ውሻ አንዳንዴ ከቡችላ የተሻለ ምርጫ ነው።

ንክሻን መከላከል

ትንንሽ ልጆችን የሚነክሰው ብዙውን ጊዜ የማያውቁት ውሻ ሳይሆን የሚያውቁት ነው። ቁመታቸው አጭር በመሆኑም ጉዳቱ በአብዛኛው ፊትና አንገት ላይ ይደርሳል። ውሻ ከመንከሱ በፊት ብዙ ጊዜ ምልክት ይሰጣል፤ ፊቱን ያዞራል፣ አፉን ይልሳል፣ ሰውነቱን ያደርቃል፣ ከዚያም ያጉረመርማል። ትንሽ ልጅ እነዚህን ምልክቶች አያነብም፤ ጥርሱን ያሳየ ውሻ የሳቀ ሊመስለው ይችላል። ምልክቱን ማንበብ የአዋቂው ኃላፊነት ነው። በማጉረምረሙ የተመታ ውሻ ማስጠንቀቁን ይተው ይሆናል እንጂ ፍርሃቱን አይተውም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ሊነክስ ይችላል። ስለሆነም የቱንም ያህል ገር ቢሆን ውሻን ከሕፃን ጋር ብቻቸውን አለመተው፣ ሲበላና ሲተኛም አለመንካት ቋሚ ደንብ ሊሆን ይገባል።

የእብድ ውሻ በሽታ

ይህ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ በሚያስብል ደረጃ ሁልጊዜ ገዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ወደ ሰው ከሚተላለፈው ውስጥ እስከ 99 በመቶ የሚደርሰው የሚመጣው ከውሻ ነው፤ ከተጎጂዎቹም 40 በመቶ ያህሉ ሕፃናት ናቸው። ውሻው አብዛኛውን ጊዜ በ3 ወር ዕድሜው ይከተባል፤ ክትባቱም የእንስሳት ሐኪም በሚያዘው ጊዜ ይደገማል። እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ፤ የመላመጃው ጊዜ የሚያበቃው ክትባቱ በሚጀመርበት ሰሞን ነው። መፍትሔው ቡችላውን መነጠል ሳይሆን፣ ከመንገድ ውሾች አርቆ በቤትና በግቢ ውስጥ ከሰው ጋር ማላመድ ነው። ቡችሎች የሆድ ትላትልን ከእናታቸው ማኅፀን ጀምሮ ሊይዙ ስለሚችሉ የትል መድኃኒትም ያስፈልጋቸዋል።

ልጅ ከተነከሰ ወይም ከተቧጨረ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያም ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ሕይወትን ያድናል። “የቤታችን ውሻ ነው” ብሎ መዘናጋት አይገባም።

እንግዲህ “የትኛው ዝርያ?” ከማለት ይልቅ “ይህ ውሻ የት፣ ከማን ጋር፣ እንዴት አደገ? እኛስ ልንጠብቀውና ልንከታተለው ጊዜ አለን ወይ?” ብለን መጠየቅ ይበጃል። ለኋለኛው ጥያቄ መልሱ “የለንም” ከሆነ፣ ልጁ ከፍ እስኪል መታገሥ ለልጁም ለውሻውም የተሻለ ነው።