ባለ ሦስት ክፍል የዶሮ መጣያ ሳጥን፤ አሠራሩና አሰቃቀሉ

በጣና ሐይቅ ዳርቻ፣ ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ፣ ዶሮ የሌለበት የገበሬ ቤት ጥቂት ነው። ዶሮዋ ለበዓል ወጥ፣ ዕንቁላሉም ለሕፃናት ምግብና ለጨው፣ ለዘይት፣ ለልጅ ደብተር መግዣ ይሆናል። ይህ ገንዘብ በአብዛኛው በቤት እመቤቲቱ እጅ የሚገባ ነው። ነገር ግን ዶሮዋ የጣለችው ሁሉ ገበያ አይደርስም። አንዱ በቁጥቋጦ ሥር ይቀራል፤ አንዱን አይጥ ይበላዋል፤ አንዱ ተረግጦ ይሰበራል፤ አንዱም በኩስ ተለውሶ ገዢ ያጣል።

ሒሳቡን አስቡት። 12 ዶሮዎች ባሉበት ቤት በሳምንት 3 ዕንቁላል ብቻ ቢጠፋ በዓመት 156 ዕንቁላል ይሆናል። የአገራችን ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 ዕንቁላል ያህል ትጥላለች። እንግዲያውስ የጠፋው የሦስት ዶሮዎች የዓመት ድካም ነው። ሦስት ዶሮዎች የእናንተን እህል እየበሉ ለአይጥና ለሸለምጥማጥ ይጥላሉ ማለት ነው።

ይህን ጥፋት ለመቀነስ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። መዶሻና መጋዝ ያለው ሰው በአንድ ቀን ሊሠራው የሚችል ሳጥን ይበቃል። ከዚህ ቀጥሎ አሠራሩን በተራ እናስረዳችኋለን።

፩. ዶሮዋ የምትፈልገው ምንድን ነው?

የቤት ዶሮ የተገኘችው በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካ ከምትኖር የዱር ዶሮ ነው። የዱር ዶሮዋ ዕንቁላሏን ከአውሬ ለመሰወር በቅጠል ሥር ሸሽጋ ትጥላለች። የእናንተም ዶሮ ከጎተራ ጀርባ ወይም ከአልጋ ሥር ገብታ የምትጥለው ከዚሁ ጠባይ የተነሣ ነው። ጠባይዋን በዱላ ልታስተዋት አትችሉም። የምትፈልገውን ቦታ ሰጥታችኋት ዕንቁላሉን ከዚያ መሰብሰብ ግን ትችላላችሁ።

የምትፈልገውም አራት ነገር ነው። ይኸውም፤ ጨለም ያለ ቦታ፣ ደረቅና ለስላሳ ጉዝጓዝ፣ ሌላ ዶሮ የማይጋፋት ጠባብ ክፍል፣ ከአውሬም የራቀ ከፍታ ነው። የሳጥኑ ልክ ሁሉ የሚወጣው ከእነዚህ ነው።

፪. የሳጥኑ ልክ

ለ4 ዶሮዎች አንድ ክፍል ይበቃል። ስለዚህ ሦስት ክፍል ያለው ሳጥን 12 ዶሮዎችን ያስተናግዳል። ከዚያ የበለጠ ዶሮ ያለው ሰው ሁለተኛውን ሳጥን ከጎኑ ይስቀል እንጂ በላዩ አይደርብ። ከፍ ያለው ክፍል ለከባድ ዶሮ መውጫው ያስቸግራል፤ ስትወርድም ትጎዳለች።

እያንዳንዱ ክፍል በውስጥ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 35 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይኑረው። ቁመቱ በፊት 35፣ በጀርባ 70 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ጣራው በዚህ ምክንያት ቀጥ ብሎ ያዘነብላል። ይህ ለጌጥ አይደለም። ጣራው ጠፍጣፋ ከሆነ ዶሮዎች ሌሊት ያድሩበታል፤ ኩሳቸውም ወደ መጣያው ይወርዳል።

ሳንቃው 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቢሆን የሚያስፈልገው ይህ ነው፤

ሀ. ለወለል፣ 98 በ35 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ ሳንቃ፤
ለ. ለጀርባ፣ 98 በ72 የሆነ አንድ፤
ሐ. ለሁለቱ ጎንና ለሁለቱ መከፋፈያ፣ ጥልቀታቸው 35፣ በፊት 35፣ በጀርባ 70 ቁመት ያላቸው አራት ሳንቃዎች፤
መ. ለፊት መከልከያ፣ 98 በ10 የሆነ አንድ። ይህ ጉዝጓዙና ዕንቁላሉ እንዳይወድቅ ያግዳል፤
ሠ. ለጣራ፣ 98 በ52 የሆነ ሳንቃ ወይም ቆርቆሮ፤
ረ. ለመቆሚያ፣ 98 ሳንቲ ሜትር የሆነ ልጡ የተላጠ ቀጭን የባሕር ዛፍ እንጨት።

ጣራው በላይኛው ጫፍ በቆዳ ጠፍር ይያዝ። እንደ ሣጥን ክዳን ሲነሣ ዕንቁላሉን በቀላሉ ታወጣላችሁ። ጣራው ቆርቆሮ ከሆነ ከሥሩ ጆንያ አልብሱት፤ አለዚያ በበጋ ሙቀት ዶሮዋ አትገባም። በሁለቱም ጎን ከጣራው ሥር ጣት የሚያስገባ ሦስት ሦስት ቀዳዳ ለአየር ይበሳ።

፫. ሳንቃ ለሌለው ገበሬ

ያረጀ የእንጨት ሳጥን ያለው ሰው ያንኑ ማስተካከል ይችላል። ሦስቱን ጎን ለጎን አድርጉና እሰሩ። የወጣ ሚስማር ካለ ነቅላችሁ ወይም አጥፋችሁ ጨርሱ፤ የዶሮዋን እግር ይወጋልና። ስንጥቁን ሁሉ በጭቃና በእበት ድፈኑ፤ ስንጥቅ የቅንቅን ቤት ነው። ከፊቱ 10 ሳንቲ ሜትር መከልከያ፣ ከላዩም ያዘነበለ ጣራ ጨምሩለት።

ቀርቀሃ ያለው ሰው ሰንጥቆ በመጥረብና በጭቃ በመምረግ መከፋፈያውን መሥራት ይችላል። የጣና ደንገል ግን ለሳጥኑ አካል አይስማማም። ውስጡ እንደ ስፖንጅ ስለሆነ ርጥበት ይይዛል። ደንገሉን ለበር መጋረጃ ወይም ለፀሐይ መከላከያ ብትጠቀሙበት ይሻላል።

፬. አሰቃቀሉ

ሳጥኑ በዶሮው ቤት ውስጥ፣ ከበሩ ብርሃን በራቀው ግድግዳ ላይ ይሰቀል። የሳጥኑ ወለል ከመሬት 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። የጭቃ ግድግዳ ሚስማር አይዝም፤ ስለዚህ ሁለት ጠንካራ ደጋፊ እንጨቶችን ከግድግዳው ቋሚዎች ጋር ምቱና ሳጥኑን በእነርሱ ላይ አስቀምጣችሁ በሽቦ እሰሩት። በሚስማር አትምቱት፤ ለማጽዳት ማውረድ ይኖርባችኋልና። መቆሚያው እንጨት ከሳጥኑ ፊት 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ በወለሉ ልክ ይታሰር።

ቆጡ ከሳጥኑ ወለል ከፍ ብሎ ከመሬት ከ90 እስከ 100 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ዶሮ ለማደር ከፍ ያለውን ቦታ ትመርጣለች። ቆጡ ዝቅ ያለ ከሆነ መጣያው ውስጥ ታድራለች። ቆጡንም ከሳጥኑ በላይ አታድርጉት።

ቋሚ ግድግዳ ለሌለው ቤት ሳጥኑ በአራት የባሕር ዛፍ እግር ይቁም። እያንዳንዱ እግር የተቃጠለ ዘይት በያዘ ጣሳ ውስጥ ይግባ፤ ጉንዳን አይወጣበትም። ከጣሳው በላይ ደግሞ የዘይት ቆርቆሮ ተዘርግቶ በእግሩ ዙሪያ እንደ ቀሚስ ቢታሰር አይጥና ሸለምጥማጥ መውጣት ይሳናቸዋል። እንደ ፎገራና ደምብያ ሜዳ ክረምት ውኃ በሚተኛበት ስፍራ የዶሮው ቤት ራሱ ከፍ ባለ መሬት ወይም በእግር ላይ ይሠራ። ወለሉ የረጠበ ቤት ውስጥ የተሰቀለ ሳጥን ብቻውን አያድንም።

፭. ዶሮዋን ማስለመድ

ሳጥኑ ዶሮዎቹ መጣል ከመጀመራቸው 2 ወይም 3 ሳምንት በፊት ይሰቀል። ሌላ ቦታ የለመደችን ዶሮ መመለስ አዲስ ቄብ ከማስለመድ ይከብዳል። በየክፍሉ የጤፍ ጭድ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ጎዝጉዙ። ከእንጨት የተጠረበ ወይም ነጭ ክብ ድንጋይ የሆነ የሐሰት ዕንቁላል አንድ አንድ አኑሩ፤ ዶሮዋ ዕንቁላል ባየችበት መጣል ትወዳለች። ከበሩ ላይ ጆንያ ቀድዳችሁ እንደ መጋረጃ እስከ ግማሽ አንጠልጥሉ።

ዶሮዎች በብዛት የሚጥሉት ከረፋዱ በፊት ነው። ስለዚህ ጠዋት ሁለት ጊዜ፣ ከሰዓት በኋላም አንድ ጊዜ ሰብስቡ። በአንድ ክፍል ብዙ ዕንቁላል ከቆየ ይሰበራል፤ የተሰበረውን የቀመሰች ዶሮም ዕንቁላል መብላት ትለምዳለች።

ለመታቀፍ የፈለገች ዶሮ ከሳጥኑ ትውጣ። 21 ቀን አንድ ክፍል ከያዘች ሌሎቹ መሬት ላይ ይጥላሉ። ለእርሷ የድሮው እንቅብ ወይም የጋን ስባሪ በጸጥታ ቦታ ይዘጋጅላት።

፮. ጽዳት

የረጠበና የቆሸሸ ጭድ በዚያው ቀን ይለወጥ። ቅንቅን ቀን በስንጥቅ ተሸሽጎ ሌሊት የዶሮዋን ደም ይጠጣል። ዶሮዋ ክንፏን ስታሳክክና መጣያውን ስትሸሽ ካያችሁ ሌሊት በባትሪ ስንጥቆቹን መርምሩ። ካገኛችሁት ጭዱን አቃጥሉ፤ ሳጥኑን አውርዳችሁ የፈላ ውኃ አፍስሱበትና ፀሐይ ላይ አድርቁት። ክረምት ሳይገባ፣ በግንቦት፣ ችግር ባይታይም ይህን አድርጉ።

ሳጥኑ ዕንቁላልን ይጠብቃል እንጂ ፈንግልን አይከለክልም። ለፈንግል መድኃኒቱ ክትባት ነው፤ ጊዜውን ከእንስሳት ጤና ሠራተኛ ጠይቁ።

፯. ለልማት ሠራተኞች

በቀበሌያችሁ የገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከል አንድ ሳጥን ሠርታችሁ አሳዩ። ገበሬው ራሱ ይለካው፤ እመቤቲቱም ክዳኑን ትክፈተው። በመጀመሪያ ሳጥኑ ሳይሰቀል ለ2 ሳምንት መሬት ላይ የተገኘውንና የተሰበረውን ዕንቁላል አስቆጥሩ። ዶሮዎቹ ሳጥኑን ከለመዱ በኋላም ለ2 ሳምንት እንደገና አስቆጥሩ። ከእናንተ ንግግር ይልቅ ይህ ቁጥር ጎረቤትን ያሳምናል።

የተሻሻለ ዝርያ ቄብ ለሚወስዱ ሰዎች ደግሞ ሳጥኑን ከዶሮዋ በፊት እንዲያዘጋጁ ምከሯቸው። እነዚህ ዶሮዎች መልካም አያያዝ ካገኙ ከአገራችን ዶሮ ብዙ እጥፍ ይጥላሉ፤ መጣያ ከሌላቸው ግን ጥፋቱም በዚያው መጠን ይበዛል።

ገበሬዎች ሆይ፤ ዕንቁላሉ ከዶሮዋ ከወጣ በኋላ ኃላፊነቱ የእናንተ ነው። ጨለም ያለ፣ ደረቅ፣ ጠባብና ከፍ ያለ ቦታ ስጧት፤ የጣለችውንም በየቀኑ ከአንድ ቦታ ቁጠሩ።