ካርታው በባል ስም ብቻ ሲሆን

ጥያቄ፦ አንዲት የአዲስ አበባ አንባቢ ቤት ልትገዛ ነው። ካርታው በሻጩ ስም ብቻ ነው፤ ሰውየው ግን ባለትዳር ነው፣ ቤቱም በባንክ ብድር ተይዟል። ደላላው «በሦስት ምስክር ፊት ፈርመሽ ቀብዱን ስጪ» ይላታል። ውሉ ይጸናላታል ወይ?

መልስ፦ ቀብዱን ሳትከፍል መጠየቋ እጅግ ጠቅሟታል።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1723 የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲደረግ ያዛል። የሠፈር ምስክር፣ ሦስትም ይሁን ሠላሳ፣ ይህን አይተካም። ሲከፋ ገዢዋ ገንዘቧን ለማስመለስ ዓመታት ፍርድ ቤት ልትመላለስ ትችላለች።

ከሁሉ የሚያሳስበው የሚስት ጉዳይ ነው። በተሻሻለው የ1992 የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ቤት፣ በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም፣ የጋራ እንደሆነ ይገመታል። ለመሸጥም ሆነ በመያዣ ለመስጠት የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል (አንቀጽ 68)። ያልተስማማችው ሚስት ሽያጩን ባወቀች በ6 ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ፣ ውሉ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት መጠየቅ ትችላለች። ቤቱ የሻጩ የግል ነው ከተባለም ማስረጃው ይቅረብ፤ በቃል ማመን አይገባም። ሚስቲቱ ራሷ መጥታ ትፈርም፣ ካልተመቻት በተረጋገጠ ውክልና።

የባንኩስ ዕዳ? የተመዘገበ መያዣ ሻጩን ሳይሆን ቤቱን ይከተላል፤ ባለቤት ቢቀየርም ባንኩ ቤቱን ማስሸጥ ይችላል። ስለዚህ ቀሪውን ዕዳ ባንኩ በደብዳቤ ይግለጽ፤ ያን ያህሉ ከሽያጩ ዋጋ ተቀንሶ በቀጥታ ለባንኩ ይከፈል። የተረፈው ለሻጩ የሚሰጠው መያዣው ከመዝገብ ሲሰረዝ ነው።