ከማረሚያ ቤት በር ወዲህ

ተማሪዎች፣ የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። ስታነቡም ለሰው መጠሪያ ሆነው የገቡትን ቃላት ልብ በሉ።

«አረመ» የሚለው ግሥ በሁለት ቦታ ያገለግላል። ገበሬው የጤፍ ማሳውን ያርማል፤ መምህሩም የተማሪውን ድርሰት ያርማል። ከዚሁ ግሥ «ታረመ»፣ «ታራሚ»፣ «እርማት» እና «ማረሚያ» የሚሉት ቃላት ይወጣሉ። ቀድሞ «ወኅኒ ቤት» ይባል የነበረው ዛሬ «ማረሚያ ቤት» ሲባል እንግዲህ በስሙ ውስጥ አንድ ተስፋ አለ፤ ይኸውም የገባው ሰው ታርሞ ይወጣል የሚል ነው። ከወጣ በኋላስ ምን ተብሎ ይጠራል?

በምሥራቅ ጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ የምትገኘውን የጁቤን እናስብ። አንድ የየጁቤ ገበሬ በሰው መግደል ወንጀል 15 ዓመት ተፈርዶበት ደብረ ማርቆስ ታሰረ እንበል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን የፈጸመና ጠባዩን ያሳመረ ሰው በአመክሮ እንዲፈታ ይፈቅዳል። ስለዚህ ገበሬው 10 ዓመት ከፈጸመ በኋላ ሊፈታ ይችላል። ወደ አገሩ ሲመለስ መሬቱን ሌላ ሰው ያርሰዋል፤ በሬም የለውም። ከሁሉ የሚከብደው ግን የሟች ወገን ነው። ሽማግሌ ገብቶ፣ ካሳ ተቆርጦ ዕርቅ ካልወረደ በቀር ሰውየው ለእነርሱ አሁንም «ደመኛ» ነው። ሽሽቶ ከተማ ቢገባም ቀጣሪው አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋስ ነው። ለእርሱ ማን ዋስ ይሆነዋል?

እ.ኤ.አ. በ1841 በአሜሪካ፣ በቦስተን ከተማ፣ ጆን አውግስጦስ የተባለ ጫማ ሰፊ ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ በራሱ መንገድ መልስ ሰጠ። በስካር ተከስሶ ሊታሰር ለተቃረበ አንድ ሰው ፍርድ ቤት ቆሞ ዋስ ሆነ። ሰውየው ከሦስት ሳምንት በኋላ ከመጠጥ ርቆ ሲቀርብ ዳኛው አንድ ሳንቲምና የፍርድ ቤቱን ወጪ ብቻ አስከፍሎ ለቀቀው። አውግስጦስ እ.ኤ.አ. በ1859 እስከ ሞተ ድረስ ያለ ደመወዝ ወደ 2,000 የሚጠጉ ሰዎችን ረድቷል። ሆኖም የአንድ ሰው ኪስ የቱንም ያህል ቢሆን ያልቃል፤ ይህን መሰሉን ሥራ ማኅበራት የያዙትም ስለዚህ ነው። የፕሬዚዳንት ኒክሰን ረዳት የነበረውና ራሱም ታስሮ የተፈታው ቻርልስ ኮልሰን እ.ኤ.አ. በ1976 «ፕሪዝን ፌሎሺፕ»ን አቋቋመ። በአገራችንም ፕሪዝን ፌሎሺፕ ኢትዮጵያ በዚሁ መስክ ሠርቷል።

እንዲህ ያለው ድርጅት ብዙውን ጊዜ በቦርድ ይመራል። የቦርድ አባልነት የክብር ወንበር የሚመስላቸው አሉ፤ ሥራው ግን በአብዛኛው ሒሳብ መመርመርና በቃለ ጉባኤ ላይ መፈረም ነው። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የአንድ ሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ገቢው 100,000 ብር ቢሆን ለአስተዳደር የሚውለው ከ20,000 ብር አያልፍም ማለት ነው። ይህን መጠበቅ የቦርዱ ድርሻ ነው። ዕድር የመራ ሰው ለዚህ ሥራ እንግዳ አይሆንም። የበጎ ፈቃደኛው ሥራ ከዚህ ይለያል፤ የተፈታውን ሰው በር ላይ ይቀበለዋል፣ ሽማግሌ ይፈልግለታል፣ ከደፈረም ዋስ ይሆነዋል።

አሁን ያ ገበሬ ለበሬ መግዣ ብድር ጠየቀ እንበል። የቦርዱ ጸሐፊ «ወንጀለኛው እገሌ ብድር ጠየቀ» ብሎ ቢጽፍ «-ኛ» የሚለው ቅጥያ ሰውየውን በድርጊቱ ይሰይመዋል። «ደመኛ» እና «ፍርደኛ» የሚሉትም እንደዚሁ ናቸው፤ ጊዜ የላቸውም። «በሰው መግደል ወንጀል ተፈርዶበት የነበረውና በአመክሮ የተፈታው እገሌ» ቢል ግን ግሡ ነገሩን በጊዜው ያስቀምጠዋል፤ ጥፋቱንም አይሸሽግም። አንዳንድ ጸሐፊዎች ከርኅራኄ ብዛት ጥፋቱን ጭራሽ ይዘሉታል። ይህም ስሕተት ነው፤ የሟች ወንድም ቃለ ጉባኤውን ሊያነበው ይችላልና።

መልመጃ

ሀ. «-ኛ» የሚለውን ቅጥያ የያዙ አምስት ቃላት ከአካባቢያችሁ ንግግር ሰብስቡ። እያንዳንዱንም «የነበረ» በሚል ሐረግ ለውጣችሁ ዓረፍተ ነገር ሥሩበት።

ለ. የገበሬው ጥያቄ የቀረበበትን የቦርድ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ከአንድ ገጽ ሳይበልጥ ጻፉ። ከአባላቱ አንዱ የሟች ዘመድ ነው፤ ውሳኔው ሲሰጥ ይቀመጥ ወይስ ይውጣ? የወሰናችሁትን ከነምክንያቱ በቃለ ጉባኤው ላይ አስፍሩ።