ምዕራፍ 6፦ አንዱ በሳምንት፣ ሌላው በመንፈቅ

ለፕሮስቴት እጢ ማደግ የሚታዘዙት ዋና ዋና መድኃኒቶች ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ወገን በጥቂት ቀናት ውስጥ ሽንትን ያቀላል፤ ሁለተኛው ወራት ካልቆየ ፍሬው አይታይም። ይህን ማንም ሳይነግራቸው የጀመሩ ሰዎች ሁለት ዓይነት ስሕተት ይሠራሉ። የመጀመሪያውን የወሰደው «ዳንኩ» ብሎ ፓኬቱ ሲያልቅ ይተወዋል። ሁለተኛውን የወሰደው ደግሞ «ገንዘቤን በላኝ» ብሎ በሁለተኛው ወር ይጥለዋል። ሁለቱም መድኃኒቶች ግን የተፈጠሩለትን ሥራ እየሠሩ ነበር። ለማስታወስ እንዲቀል እንዲህ ይያዙት፦ አንዱ ቀበቶውን ያላላል፣ ሌላው ሆዱን ያከሳል።

ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ ሥር ተቀምጦ የሽንት ቧንቧውን ዙሪያውን የከበበ እጢ ነው። በወጣትነት 20 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከ40 ዓመት በኋላ በብዙ ወንዶች ላይ ቀስ እያለ ያድጋል። 60 ዓመት ላይ ከደረሱ ወንዶች ግማሽ ያህሉ ይህ እድገት ይኖርባቸዋል። ካንሰር አይደለም፤ ወደ ካንሰርም አይለወጥም። ነገር ግን ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙ ስለሚችሉ፣ ሐኪሙ ማዘዣ ከመጻፉ በፊት በጣቱ ልመርምርዎ ቢል፣ ሽንትዎን ላብራቶሪ ቢልክ፣ ፒ.ኤስ.ኤ. የሚባለውን የደም ምርመራ ቢያዝ ቅር አይበልዎ። ደግሞም ሌሊት አራት ጊዜ የሚያስነሳው አንዳንዴ ፕሮስቴት ሳይሆን ስኳር ነው።

ሰውን የሚያስገርመው የእጢው መጠንና የሥቃዩ መጠን አለመመጣጠናቸው ነው። በአልትራሳውንድ «በጣም አድጓል» የተባለው ሰውዬ ሌሊቱን ሙሉ ሲያንኮራፋ፣ «ትንሽ ከፍ ብሏል» የተባለው ጎረቤቱ መጸዳጃ ቤት ቆሞ ያነጋል። ቧንቧውን የሚያስጨንቀው የእጢው ግዝፈት ብቻ አይደለምና፤ በእጢውና በፊኛው አንገት ውስጥ ያለው ጡንቻም ይጨመድደዋል። ስለዚህ መድኃኒት የሚታዘዘው ለአልትራሳውንዱ ወረቀት ሳይሆን ለእርስዎ ነው። ሐኪሞች ምልክቱን የሚለኩበት ሰባት ጥያቄ ያለው ቅጽ አላቸው፤ ሽንቱ ይቆራረጣል ወይ፣ ቀጥኗል ወይ፣ ፊኛው ሳይራገፍ የቀረ ይመስላል ወይ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ ያስነሳል፣ እያለ ይጠይቃል። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል። ድምሩ እስከ 7 ከሆነ ቀላል፣ ከ8 እስከ 19 መካከለኛ፣ 20 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከባድ ይባላል። ቀላል ከሆነና ኑሮዎን ካላወከ ክኒን መዋጥ ግዴታ አይደለም። የማታውን ሻይና ቡና መቀነስና በዓመት አንድ ጊዜ መታየት ይበቃል።

ቶሎ የሚደርሰው

የመጀመሪያው ወገን አልፋ ብሎከር ይባላል። ታምሱሎሲን፣ አልፉዞሲን፣ ዶክሳዞሲን፣ ቴራዞሲንና ሲሎዶሲን የዚህ ወገን ናቸው። ልጆችዎ ከአሜሪካ «ፍሎማክስ» የሚል ከላኩልዎ እሱ ራሱ ታምሱሎሲን ነው፤ ከሰፈርዎ ፋርማሲ ከገዙት ታምሱሎሲን ጋር ደርበው እንዳይውጡት። ከውጭ በሚመጣ መድኃኒት ላይ ሁልጊዜ መታየት ያለበት በትልቁ የተጻፈው የንግድ ስም ሳይሆን ከሥሩ በትንሹ የተጻፈው የመድኃኒቱ ስም ነው።

እነዚህ መድኃኒቶች የፊኛውን አንገትና የእጢውን ጡንቻ ያላላሉ። ብዙ ሰው ለውጡን በአንድ ሳምንት ውስጥ ያየዋል፤ ሙሉ ጥቅማቸውን ለመመዘን አንድ ወር ያህል ይጠበቃል። እጢውን አያሳንሱትም፤ እድገቱንም አይገቱም። ስለዚህ የተሻለው ሰው ሲያቋርጥ ጡንቻው ተመልሶ ይጨብጣል፤ ሽንቱም እንደ ድሮው ይሆናል። «ለመደብኝ፣ ሱስ ሆነብኝ» የሚሉ አሉ። ሱስ አይደለም፤ መድኃኒቱ ሲወጣ ሥራውም አብሮት ወጣ እንጂ።

ጉዳታቸው ከዚያው ከጥቅማቸው የሚመነጭ ነው። የደም ሥርም ተመሳሳይ ጡንቻ አለው። እሱም ሲላላ፣ ከተቀመጡበት ብድግ ሲሉ ግፊቱ ይወርድና ዓይን ይጨልማል። ዶክሳዞሲንና ቴራዞሲን ቀድሞውንም ለደም ግፊት የወጡ ናቸው፤ ስለዚህ በ1 ሚ.ግ.፣ ያውም ሊተኙ ሲሉ፣ ይጀመሩና ቀስ እያሉ ይጨመራሉ። ለጥቂት ቀናት ካቋረጧቸው በነበሩበት መጠን አይቀጥሉ፤ ሐኪሙን ጠይቀው ከታች እንደገና ይጀምሩ። የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ይህን ለሚያዝልዎ ሰው መንገር አለብዎት። የትኛውንም ቢወስዱ ሌሊት ለሽንት ሲነሱ መጀመሪያ አልጋው ጫፍ ላይ ጥቂት ይቀመጡ። በዚህ ዕድሜ ዳሌ መሰበር ከፕሮስቴት የባሰ ጣጣ ነው።

አሁን ስለ ጾም። ታምሱሎሲን (0.4 ሚ.ግ. በቀን አንዴ) በየቀኑ ከአንድ ከተወሰነ ማዕድ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ይዋጣል። በባዶ ሆድ ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው መጠን 30 ከመቶ ያህል ይጨምራል፤ ማዞሩም አብሮ ይጨምራል። አልፉዞሲን ደግሞ በተቃራኒው በባዶ ሆድ ከተወሰደ ወደ ደም የሚገባው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ታዲያ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው ጠዋት የሚዋጥ ካፕሱል ቢታዘዝለት ጾሙ ወይም መድኃኒቱ መደናቀፉ አይቀርም። ቀላሉ መፍትሔ ዓመቱን ሙሉ የራትን ሰዓት መያዝ ነው፤ በረመዳንም ከኢፍጣር በኋላ ማድረግ። ስግደት የሚያበዙ አባቶች ደግሞ ሕክምናውን በሰሙነ ሕማማት ከመጀመር ይልቅ ከፋሲካ በኋላ ቢሆን ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ። ወድቆ መነሣት የሚበዛበት ሳምንት ሰውነቱ ገና ያልለመደውን ክኒን የሚሞክሩበት አይደለም፤ ሽንቱ ካልተዘጋ በቀር ይህ ሕመም ሳምንት መታገሥ አያቅተውም።

ታምሱሎሲን፣ ይልቁንም ሲሎዶሲን፣ በግንኙነት ጊዜ የዘር ፈሳሽን ሊያሳንስ ወይም ጨርሶ ሊያስቀር ይችላል። አይጎዳም፤ መድኃኒቱ ሲቆምም ይመለሳል። ሳይነገር ሲደርስ ግን ባልም ሚስትም የማይሆን ነገር ይጠረጥራሉ፤ አስቀድሞ ማወቁ ከብዙ ጭቅጭቅ ያድናል። ሌላው ብዙ ጊዜ የሚረሳው ዓይን ነው። ታምሱሎሲን የሚወስድ ሰው የዓይን ሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት ብሌኑ እንደሚፈለገው ሳይከፈት ይቀርና ሐኪሙን ያስቸግራል፤ ይህ በሕክምና መጽሔት ላይ የተገለጸው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው። ሞራውና ፕሮስቴቱ የሚመጡት በአንድ ዕድሜ ነውና የዓይን ሐኪሙን «ይህን እወስዳለሁ፤ ወይም ድሮ ወስጄ ነበር» ማለት አይርሱ። ያወቀ ሐኪም ተዘጋጅቶ ይገባል።

ትዕግሥት የሚጠይቀው

የሁለተኛው ወገን ታሪክ የሚነሣው ከላብራቶሪ ሳይሆን ከአንዲት መንደር ነው። በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ላስ ሳሊናስ በምትባል ቦታ አንዳንድ ልጆች ሲወለዱ ሴት መስለው ይወለዱና ለአቅመ አዳም ሲደርሱ ድምፃቸው ይጎረንናል፣ የወንድነት አካላቸውም ያድጋል። ጁሊያን ኢምፔራቶ-ማክጊንሌይ የተባሉ አሜሪካዊት ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ምክንያቱን አጥንተው በ1974 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ቴስቶስቴሮን የተባለውን የወንድ ሆርሞን ዲኤችቲ ወደሚባለው ብርቱ ሆርሞን የሚቀይረው ኢንዛይም በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ጎድሎ ነበር። ከዚህም ጋር አንድ ነገር ታየ፦ ወንድ ሆነው ቢያድጉም ፕሮስቴታቸው ትንሽ እንደሆነ ይቀራል። ያንን ኢንዛይም በክኒን ብንገታውስ የሚለው ሐሳብ ከዚህ ተነሣ። ፊናስቴራይድ በ1992 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ዱታስቴራይድ ከዓመታት በኋላ ተከተለው።

እጢን ማክሳት ጊዜ ይወስዳል። ስድስት ወር ቢያንስ መጠበቅ አለበት፤ በዚያን ጊዜ እጢው በአምስት አንድ፣ አንዳንዴም በአራት አንድ ያህል ያንሳል። ጥቅሙ የሚጎላው እጢያቸው በእርግጥ ባደገ ሰዎች ላይ ነው፤ እጢው ካላደገ የሚያከሳው ነገር የለም። እኔ ትልቁ ጥቅሙ የሽንቱ መቅለል ነው አልልም። ሽንት ድንገት የመዘጋትን አደጋና ወደ ቀዶ ሕክምና የመሄድን ዕድል መቀነሱ ነው። ይህ ደግሞ በዓይን አይታይም፤ ሰዎች የሚያቋርጡትም ለዚህ ይመስለኛል።

ሁለቱን ወገኖች አብሮ መስጠትም የተለመደ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነና 3,047 ወንዶችን ለአራት ዓመት ተኩል ያህል የተከታተለ የአሜሪካ ጥናት ሕመሙ የመባባሱን ዕድል ዶክሳዞሲን 39 ከመቶ፣ ፊናስቴራይድ 34 ከመቶ፣ ሁለቱ አብረው 66 ከመቶ መቀነሳቸውን አሳይቷል። የጎንዮሽ ጉዳቱም፣ ወጪውም አብሮ እንደሚደረብ ግን ማሰብ ነው።

ፊናስቴራይድና ዱታስቴራይድ የወሲብ ፍላጎትን ሊቀንሱ፣ የብልት መቆምን ሊያዳክሙ፣ አንዳንዴም ጡትን ሊያሳብጡ ይችላሉ። አብዛኛው ሰው ይህ አይደርስበትም፤ የደረሰበት ግን አፍሮ ዝም ከማለት ለሐኪሙ ቢናገር አማራጭ አለ። የተሰበረ ወይም የተፈጨ ክኒን ነፍሰ ጡር ሴት አትንካ፤ ለወንድ ጽንስ አደጋ አለው። ዱታስቴራይድ የሚወስድ ሰው ካቆመ በኋላም ስድስት ወር ሳይሞላው ደም አይለግስም።

ከሁሉ በላይ እንዳይረሳ የምፈልገው የፒ.ኤስ.ኤ.ን ነገር ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ከመንፈቅ በኋላ የፒ.ኤስ.ኤ.ን ቁጥር በግማሽ ያህል ያወርዱታል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ 3 ቢነበብ 6 እንደሆነ ተቆጥሮ ነው የሚታየው። ይህን የማያውቅ አዲስ ሐኪም ዘንድ ሄደው መድኃኒቱን ካልነገሩት «ምንም የለብዎትም» ሊልዎ ይችላል። ቁጥሩ ከወረደበት ተመልሶ መውጣት ከጀመረም፣ ትንሽ ቢመስልም፣ መመርመር አለበት።

ስለ ታዳላፊል ባጭሩ፦ በቀን 5 ሚ.ግ. ለፕሮስቴት ምልክትም ይታዘዛል፤ ለብልት መቆም ችግር የሚሰጠው ራሱ ነው። ለልብ ሕመም ናይትሮግሊሰሪን ወይም አይሶሶርባይድ የሚወስድ ሰው ግን በፍጹም አይንካው፤ ግፊቱ እስከ ሞት ሊወድቅ ይችላል።

ቅርፊቱና ጫቱ

«ከተፈጥሮ የተሠራ የለም ወይ?» የሚለው ጥያቄ አይቀርም። አለ። እኛ ጥቁር እንጨት የምንለው የአፍሪካ ዛፍ ቅርፊት ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአውሮፓ ለፕሮስቴት መድኃኒት ሲቀመም ኖሯል። ዛፉ ለዚሁ ሲባል እየተላጠ በመመናመኑ ንግዱ ዛሬ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። ጥናቶቹ መጠነኛ ጥቅም አሳይተዋል፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ትንንሽና አጫጭር ነበሩ። ያውም የተጠናው መጠኑ ታውቆ የተዘጋጀው ነው እንጂ ከዛፉ ተልጦ የሚቀቀለው አይደለም። ከውጭ በጠርሙስ የሚላከው የሶ ፓልሜቶ ካፕሱል ደግሞ በ2006 እና በ2011 እ.ኤ.አ. በታተሙ ጥሩ ጥናቶች ከባዶ ክኒን አልተሻለም። ለእሱ የሚወጣውን ዶላር ልጆችዎ ለሌላ ነገር ቢያውሉት እመርጣለሁ።

መድኃኒቱን የሚያፈርሱ ነገሮችም አሉ። ሱዶኤፌድሪን ያለበት የጉንፋን ክኒን ያንኑ የተላላውን ጡንቻ መልሶ ያጠብቀዋል። ክሎርፌኒራሚንን የመሰሉ የአለርጂ መድኃኒቶችና አሚትሪፕቲሊን የፊኛውን ጉልበት ያደክማሉ። የሚያሸና የግፊት መድኃኒት ማታ ከተዋጠ እንቅልፍ የለም፤ ወደ ጠዋት ማዛወር ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ። ጫትም ከዚሁ ይቆጠራል። በ1995 እ.ኤ.አ. የታተመ የየመን ጥናት ጫት የቃሙ ወንዶች የሽንታቸው ፍሰት መቀነሱን በመለኪያ አሳይቷል፤ አልፋ ብሎከር ሲሰጣቸው ጉዳቱ ተከልክሏል። እንግዲህ ከሰዓት ቅሞ ማታ ታምሱሎሲን የሚውጥ ሰው አንዱን በአንዱ ሲያጣፋ ይኖራል።

ሽንትዎ ደም ከቀላቀለ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ከመጣ፣ መድኃኒት መቀየሩን ትተው ይታዩ። ፊኛዎ ሞልቶ እያስጨነቀዎት ጠብታ እንኳ አልወጣ ካለ ደግሞ ክኒን ጨምሮ መጠበቅ፣ ውሃ ጠጥቶ ማስገደድ አይረዳም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው። እዚያ ሽንቱን በቱቦ ያወጡልዎታል። ብዙውን ጊዜ አልፋ ብሎከር ተጀምሮ ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላ ቱቦው ተነቅሎ በራስዎ መሽናት ይችሉ እንደሆነ ይሞከራል። ካልሆነ የቀዶ ሕክምናው ጊዜ ደርሷል ማለት ነው፤ እሱን በሚቀጥለው ምዕራፍ እናያለን።