ለአንድ ጌም ብለን ፕሌይስቴሽን እንግዛ?

በዚህ እትም ክፍላችንን ለሁለት የከፈለ ጉዳይ ይዘን ቀርበናል።

አንድ የክፍላችን ልጅ አባቱ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ነው የሚሠሩት። "ጥሩ ውጤት ካመጣህ የምትፈልገውን እገዛልሃለሁ" ብለውት ነበር። እሱም ፕሌይስቴሽን 4 ጠየቀ። ለምን ስንለው "ስፓይደርማን ኤክስቦክስ ላይ የለማ!" አለን። ግማሾቻችን "ልክ ነው" አልን፤ ግማሾቻችን ደግሞ "ሳይቸግር ጤፍ ብድር" ብለን ተረትንበት። እስኪ ነገሩን በትምህርት መልክ እንየው።

1. በአንድ ማሽን ብቻ የሚሠራ ጌም ለምን ይሠራሉ?

ስፓይደርማንና ጎድ ኦፍ ዋር እ.ኤ.አ. በ2018 ሲወጡ በፕሌይስቴሽን 4 ብቻ ነበር የሚሠሩት። ማሪዮ የኒንቴንዶ ነው። ኩባንያዎቹ ይህን የሚያደርጉት ጌሙን የወደደ ሰው ማሽኑን እንዲገዛ ነው። አንዳንዴ ማሽኑን በኪሳራ ይሸጡታል። ለምሳሌ ፕሌይስቴሽን 3 በ2006 ሲወጣ የተሸጠው ከተሠራበት ወጪ ባነሰ ዋጋ ነበር። ታዲያ ትርፉ ከየት ይመጣል? በኋላ ከምንገዛቸው ጌሞች! ስለዚህ ያ የምንወደው ጌም ለኩባንያው እንደ ማስታወቂያ ነው ማለት ነው።

2. "እዚህ ብቻ" የተባለው ሁሌ እዚያ ብቻ ይቀራል?

ብዙ ጊዜ አይቀርም። ጎድ ኦፍ ዋርም ስፓይደርማንም በ2022 ለኮምፒውተር ወጡ። ሴጋ የሚባለው ኩባንያ ደግሞ በ2001 ማሽን መሥራት ሲያቆም፣ ሶኒክ የሚባለው ሰማያዊ ጃርት ሄዶ ሄዶ በተፎካካሪው በኒንቴንዶ ማሽን ላይ ሮጠ። እውነቱን ለመናገር ግን ዋና ዋናዎቹ የማሪዮ ጌሞች እስካሁን ከኒንቴንዶ ማሽን አልወጡም። እነሱን የሚወድ ሰው ቢጠብቅም ላያገኛቸው ይችላል።

3. ሒሳቡን እንሥራው

ዋጋው እንደየቀኑ ስለሚለያይ ለስሌት ያህል እንገምት። ያገለገለው ማሽን 40,000 ብር፣ ፕሌይስቴሽን ቤት መጫወት ደግሞ በሰዓት 60 ብር ነው እንበል። የስፓይደርማን ዋና ታሪክ በ20 ሰዓት አካባቢ ያልቃል።

ማሽን ገዝተን እሱን ብቻ ብንጫወት፦ 40,000 ÷ 20 = በሰዓት 2,000 ብር።
ፕሌይስቴሽን ቤት ብንጫወተው፦ 20 × 60 = 1,200 ብር።

ማሽኑ ዋጋውን እንዲመልስ፦ 40,000 ÷ 60 = ወደ 667 ሰዓት መጫወት አለብን። በሳምንት 2 ሰዓት ብቻ የሚጫወት ልጅ ከ6 ዓመት በላይ ይፈጅበታል! አራት ወንድምና እህት ሆነው እያንዳንዳቸው 2 ሰዓት ቢጫወቱ ግን 84 ሳምንት ገደማ ይበቃቸዋል። ሲዲው፣ ሁለተኛው ጆይስቲክና መብራቱ ገና አልተቆጠሩም። "ታዲያ ቀንና ሌሊት ልጫወትና ቶሎ ልመልሰው" የሚል ካለ፣ ፈተናውን ማን ሊፈተንለት ነው?

4. የሰፈር ልጆች ምን አላቸው?

ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የፕሌይስቴሽን ሲዲ ኤክስቦክስ ላይ አይሠራም። ስለዚህ ታይዋን ገበያ ሄደን ከመጠየቃችን በፊት ጎረቤታችንን እንጠይቅ። ጓደኞቻችን ያላቸው ማሽን ከሆነ ሲዲ እንለዋወጣለን፤ ጆይስቲክ እንዋዋሳለን፤ ሲበላሽም የሚጠግነውን ሰው ይጠቁሙናል። አንድ ብርቅ ጌም ያለው ማሽን ይዞ ብቻን ከመቀመጥ፣ አሥር ጌም የሚገኝበትን ይዞ ከጓደኛ ጋር መጫወት ይሻላል።

ማጠቃለያ

አንድ ጌም ብቻውን ማሽን አያስገዛም። የምንወዳቸው ጌሞች አራት አምስት ከሆኑ፣ ቤት ውስጥ የሚጫወተው ሰው ከበዛና ወላጆቻችን ሳይቸገሩ መግዛት ከቻሉ ግን ያስገዛል።

የልጁ አባት ምን እንዳሉ ታውቃላችሁ? "ፋብሪካ ማሽን ሲገዛ ለአንድ ዕቃ ብሎ አይደለም፤ ስንት ያመርትልኛል ብሎ ነው። አንተም ባለፈው ወር የተጫወትከውን ጻፍና አምጣ" አሉት። ጻፈ። ኳስ፣ ኳስ፣ ኳስ፣ አንዴ ስፓይደርማን። ኳሱ ደግሞ፣ ያ ድሮ ፊፋ ይባል የነበረውና ከ2023 ወዲህ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ የተባለው፣ በኤክስቦክስም ይሠራል! ልጁ አሁን "ትንሽ ላስብበት" ብሏል።

ጥያቄ ለአንባቢያን፦ ማሽኑ 30,000 ብር ቢሆን፣ ሰዓቱ 50 ብር ቢሆን፣ ሦስት ልጆች እያንዳንዳቸው በሳምንት 2 ሰዓት ቢጫወቱ በስንት ሳምንት ዋጋውን ይመልሳል? መልሱን ከነአሠራሩ ጽፋችሁ ለሚኒ ሚዲያ ክበብ ስጡ። በትክክል የሠሩትን ስማቸውን በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ እናነባለን።

መልካም ንባብ፣ መልካም ጥናት!