በመስተዋት ገንዳ ስለሚነጠፍ የእሳተ ገሞራ ድንጋይና ስለ ሽሪምፕ አያያዝ የቀረበ ትምህርት



ስለ እህልና ስለ ከብት፥ ስለ ንብና ስለ ደን የሚጻፈውን ማንበብ የለመዳችሁ ሹማምንትና ባለይዞታዎች፥ ዛሬ ስለ ቀይ ድንጋይና ከጣት አንጓ ስለማይበልጥ የውኃ ፍጥረት የሚናገር ትምህርት ሲቀርብላችሁ ምናልባት ትደነቁ ይሆናል። ነገር ግን በትንሽ ገንዳ የሚታየው ሕግ በገበሬው የዓሣ ኩሬም ይሠራል፤ በትንሹ ያልተማረም በትልቁ ይከስራል። ስለዚህ ነገሩን በትዕግሥት እንድትመለከቱት በትሕትና እለምናለሁ።

1ኛ፤ ድንጋዩ ምን እንደ ሆነ

የአዲስ አበባ ከተማ የቆመችው ከጥንት እሳተ ገሞራ በወጣ ድንጋይ ላይ ነው። ከካዛንቺስ ቁልቁል ሲወርዱ የሚገኘው ፍልውኃ ከምድር በታች ያለው ሙቀት ዛሬም እንዳልጠፋ ይመሰክራል። ወደ ቢሾፍቱ ሲወረድ ደግሞ እነ ሆራና ባቦጋያ የተባሉት ሐይቆች በእሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተኙ ናቸው፤ በዚያው አገር ያሉት ቀያይ ጉብታዎችም ግንበኞች «ሬድ አሽ» የሚሉት ጠጠር የሚቈፈርባቸው ናቸው።

ይህ ጠጠር ቀልጦ ከምድር ሲፈናጠር በውስጡ የነበረው አየር አረፋ ሆኖ እየወጣ ሳለ ስለ በረደ፥ እንደ እንጀራ ዓይን ብዙ ቀዳዳ ያለው ሆኖ ቀረ። መልኩ የቀላውም በውስጡ ያለው ብረት በአየር ስለ ዛገ ነው። ከርሱ የሚነጣውና የሚቀለው ፑሚስ የተባለው ድንጋይ ግን ሌላ ነው። ሁለቱን ለመለየት በውኃ መጣል ነው፤ ቀዩ ወዲያው ይሰጥማል፥ ፑሚስ ግን ውኃ እስኪጠጣ ድረስ ይንሳፈፋል።

ከተማችን ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች ሌላ ከአቃቂ ጉድጓዶች ውኃ ትጠጣለች። የአቃቂ ውኃ የሚጠራቀመውም በአብዛኛው እንደዚህ ባለ ቀዳዳማ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ነው። እንግዲህ ድንጋዩ ለኛ እንግዳ አይደለም፤ እንግዳው ጥቅሙ ነው።

2ኛ፤ ሽሪምፕ ምን እንደ ሆነ

ሽሪምፕ እንደ ሸርጣን አጥንቱ ከውጭ የሆነ የውኃ ፍጥረት ነው። በቤት ገንዳ ከሚረቡት ይልቅ የታወቀው ቀዩ ቼሪ የተባለው ነው፤ ወገኑ ከቻይናና ከታይዋን ወንዞች የመጣ ሲሆን ቁመቱ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በጣፋጭ ውኃ ይኖራል፥ በዚያውም ይረባል። እናቲቱ እንቁላሏን ከሆዷ በታች አቅፋ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ትቈያለች፤ የሚፈለፈሉትም ልጆች መልካቸው እንደ ታላላቆቹ ነው።

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውኃ ፍጥረት ለመብል የተከለከለ ስለ ሆነ፥ ይህን ለምን ታረባለህ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አለ። መልሴ አጭር ነው፤ የማረባው ለመብል ሳይሆን ለማየትና ለመማር ነው። ሽሪምፕ የውኃን ክፋት ከዓሣ አስቀድሞ የሚያሳይ ታማኝ ምስክር ነውና።

3ኛ፤ የማይታየው ሥራ

በገንዳ ውስጥ ያለ ፍጥረት ሁሉ ይበላል፥ ይጥላልም። ከጣለውና ከተረፈው መብል አሞኒያ የተባለ መርዝ ይወጣል። ይህ መርዝ መልክ የለውም፤ ውኃው እንደ መስተዋት ጠርቶ ሳለ በውስጡ ያለውን ይገድላል። የተፈጥሮ ሕግ ግን ለዚህ መድኃኒት አለው፤ በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፥ ሌሎቹም ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትራይት ራሱ መርዝ ነው፤ ናይትሬት ግን እጅግ ካልበዛ አይጐዳም፥ ለውኃ ተክልም ምግብ ነው። ይህን ሥራ የሚሠሩትን ተሐዋስያን በ1890 እ.ኤ.አ. ገደማ ለይቶ ያወጣቸው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ የተባለው የመስኮብ ሊቅ ነበር። በእርሻችንም ፍግና ዩሪያ በአፈር ውስጥ ለእህሉ የሚመቸው ናይትሬት የሚሆነው በነዚሁ ዓይነት ተሐዋስያን ሥራ ነው።

እነዚህ ተሐዋስያን በውኃ ላይ ሲንሳፈፉ አይኖሩም፤ የሚጣበቁበት ቤት ይሻሉ። ለስላሳ ጠጠር የሚሰጣቸው ውጭውን ብቻ ነው፤ ቀዳዳማው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ግን ውጭውንም ውስጡንም ይሰጣቸዋል። በላዩ የሚያበቅለውን ቀጭን ልጥ ደግሞ ሽሪምፕ በትንንሽ ጣቶቹ እየፋቀ ይመገበዋል። እንግዲህ ድንጋዩ ባዶ ቤት ነው፤ ጥቅም የሚሰጠው ነዋሪዎቹ ሲገቡበት ነው። የትምህርታችንም ዋና ነገር ይህ ነው።

4ኛ፤ በጸሐፊው ላይ የደረሰው

እኔ ይህን ሳላውቅ ጀመርሁ። በካዛንቺስ ስኖር 60 ሊትር የሚይዝ የመስተዋት ገንዳ ገዝቼ፥ ከአንድ ሕንፃ ሥራ አጠገብ ከተከመረ ቀይ ጠጠር ጥቂት አምጥቼ ሳላጥብ አፈሰስሁበት። የቧንቧ ውኃም ሞላሁ፤ በማግስቱ 20 ሽሪምፕ ገዝቼ ጨመርሁ። ውኃው በሦስተኛው ቀን ጠራልኝና ደስ አለኝ። በሳምንቱ ግን ከ20ው የተረፉት 3 ብቻ ነበሩ። የሸጠልኝን ሰው ከሰስሁ፥ ድንጋዩንም ረገምሁ፤ ጥፋቱ ግን የችኰላዬ ነበር። ውኃው ክሎሪን ነበረበት፤ በድንጋዩም ውስጥ ገና ማንም አልገባበትም ነበር።

5ኛ፤ ትክክለኛው አሠራር

ሀ. ድንጋዩን መምረጥ። ከመንገድ ዳር ዘይትና ሲሚንቶ የነካው አይወሰድ። በድንጋዩ ላይ ኮምጣጤ ወይም አቼቶ ጠብ ይደረግ፤ አረፋ ካወጣ ኖራ ስላለበት የውኃውን ጠባይ ይለውጣልና ይተው።

ለ. ማጠብ። በወንፊት ነፍቶ አቧራውን መለየት፥ የቀረውንም ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ ደጋግሞ ማጠብ ነው። በሳሙና ማጠብ ፈጽሞ አይገባም። በእሳት ላይ መቀቀልም አይገባም፤ በቀዳዳው የታመቀ ውኃ ሲሞቅ ድንጋዩን ሰንጥቆ ሰው ሊያቈስል ይችላል።

ሐ. ማንጠፍ። ወለሉ በ60 በ30 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ገንዳ 3 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ለማንጠፍ 5 ሊትር ተኩል ያህል ጠጠር ይበቃል። መጠኑ የባቄላ ፍሬ ያህል ይሁን። በላዩ ደቃቅ አሸዋ የሚጨምር ሰው በመካከል የወንፊት ጨርቅ ያግባ፤ አለዚያ አሸዋው ቀዳዳውን ይደፍናል። ተሐዋስያኑ ያለ አየር አይሠሩምና፥ ከአሸዋ ሥር የተቀበረው ድንጋይ ሥራው ያነሰ ነው። ስለዚህ ጥቂቱ ድንጋይ ሳይሸፈን አየር በሚነፋው ሞተር አጠገብ ይቀመጥ።

መ. አየር መስጠት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ ውኃዋ የሚይዘው አየር በባሕር ዳርቻ ካለ እኩል የሞቀ ውኃ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በቆላ አገር የተጻፈ መመሪያ ለኛ የማይበቃው በዚህ ምክንያት ነው። መብራት ሲጠፋም ውኃውን በጣሳ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ይረዳል።

ሠ. ውኃውን ማዘጋጀት። የቧንቧ ውኃ አፉ በሰፋ ዕቃ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ይቈይ፤ ክሎሪኑ በንኖ ይወጣል። ክሎሪን ክፉ ተሐዋስያንን እንደሚገድል ሁሉ ደጎቹንም ይገድላልና።

ረ. መጠበቅ። ገንዳው ያለ ሽሪምፕ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቈይ፤ በክረምት ውኃው ስለሚበርድ ከዚህም ሊበልጥ ይችላል። በየጥቂት ቀኑ ቁንጥር የዓሣ መብል ይጣልበት፤ ከርሱ የሚወጣው አሞኒያ የተሐዋስያኑ ስንቅ ነው። በመለኪያ ሲታይ አሞኒያና ናይትራይት ሁለቱም ባዶ ሲሆኑ ጊዜው ደርሷል። ያን ጊዜ አስቀድሞ 3 ወይም 4 ሽሪምፕ ብቻ ይግባ፤ የመጡበትም ዕቃ ውስጥ የገንዳው ውኃ በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ እያለ ለ1 ሰዓት ያህል ይቀላቀልላቸው።

ሰ. መጠበቂያው። በየሳምንቱ ከአሥር አንድ ወይም ሁለት እጅ ውኃ ይለወጥ። ድንጋዩ ቢቈሽሽ ከገንዳው በወጣው ውኃ ይለቅለቅ እንጂ በቧንቧ ውኃ አይታጠብ፤ በቧንቧ ውኃ ማጠብ ነዋሪውን ከቤቱ ማስወጣት ነው።

6ኛ፤ ከካዛንቺስ ስንነሣ የተማርሁት

የካዛንቺስ ስም ከጣሊያን ወረራ ዘመን የመጣ ነው፤ ኢንቺስ የተባለው ድርጅት ለመንግሥት ሠራተኞች የሠራቸው ቤቶች «ካዛ ኢንቺስ» ይባሉ ነበርና። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት በፈረሰ ጊዜ እኔም ከቤተ ሰቤ ጋር ዕቃዬን ጠቅልዬ ወደ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ሄድሁ። በዚያን ጊዜ በገንዳዬ ከመቶ የሚበልጥ ሽሪምፕ ነበረ። ጎረቤቶቼ ድንጋዩን ጣለው፥ ድንጋይ የትም ይገኛል አሉኝ።

እኔ ግን የፊተኛውን ኪሳራ አስቤ፥ ድንጋዩን በገንዳው ውኃ በተሞላ ባልዲ አድርጌ፥ ሽሪምፖቹንም በሌላ ባልዲ ይዤ በዚያው ቀን ገንዳውን መልሼ አቆምሁ። መስተዋቱ በመንገድ ተሰንጥቆ ሌላ ገዛሁ፤ አሸዋውንም ጣልሁት። ድንጋዩ ግን ስላልደረቀ ሥራውን አላቋረጠም፤ ከሽሪምፖቹም የሞተ አላገኘሁም። የገንዳው ሀብት መስተዋቱ ሳይሆን በድንጋዩ ውስጥ የሚኖረው መሆኑን ያን ቀን አወቅሁ። ሰፈርም እንዲሁ ነው፤ ቤቱ በአንድ ዓመት ይሠራል፥ ጉርብትናው ግን ጊዜ ይፈልጋል።

7ኛ፤ ለሹማምንት የሚሆን ምክር

በየወረዳችሁ ቆሮሶ ወይም አምባዛ ለማርባት ገንዳ የሚሠሩ ወጣቶች ይመጡላችኋል። ጫጩት ዓሣ ከመከፋፈሉ በፊት ገንዳው ስንት ሳምንት ውኃ ይዞ እንደ ቆየ ጠይቁ። አዲስ የሲሚንቶ ገንዳ ኖራው ወደ ውኃው ስለሚወጣ፥ ውኃው ብዙ ጊዜ ተደፍቶ ሳይለወጥ ዓሣ ሊገባበት አይገባም። በአጠገባችሁ ቀይ ጠጠር ካለ፥ ታጥቦ በበርሜል ተሞልቶ የገንዳው ውኃ ሲያልፍበት በርካሽ ዋጋ ብርቱ ማጣሪያ ይሆናል። ለተጨማሪ ትምህርትም በሰበታ ያለውን የዓሣና የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል መጠየቅ ይቻላል።

ደግሞም የሽሪምፕን ምስክርነት አትርሱ። መዳብ ያለበት የሻጋታ መድኃኒትና የተባይ መርዝ እጅግ በጥቂቱ እንኳ ይገድለዋል። ገበሬው የመርጫ ዕቃውን በምንጭ ዳር ሲያጥብ በወንዙ ያሉት ትንንሽ ፍጥረታት የሚሞቱት እንዲሁ ነው፤ እኛ ግን መስተዋት ስለሌለው አናይም። ይህን በቀበሌ ስብሰባ ማስጠንቀቅ የሹም ሥራ ነው።

እንግዲህ ድንጋዩ በነጻ ይገኛል፥ ውኃውም አለ፤ በገንዘብ የማይገዛው ጊዜው ነው። 6 ሳምንት መጠበቅን ገንዳ ከሚሠራው ወጣት አስቀድሞ ገንዘቡን የሚፈቅደው ሹም ይማረው።