ባለአገሩም የሚያነበው የአገልግሎት ጉዞ ማስታወሻ

ከወንጌል አገልግሎት ወይም ከሐዋርያዊ ጉዞ የተመለሰ ሰው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሣን፣ መንገዱ አድካሚ ነበር፣ ሕዝቡ በደስታ ተቀበለን፣ ክብር ለእግዚአብሔር ይሁን። የቦታው ስም ቢቀየር ለሌላ ጉዞም ይሆናል። የእርስዎ እንዲህ እንዳይሆን፣ ደቡብ ኦሞን ምሳሌ አድርገን በተራ እንየው።

1. ማታ ማታ ይመዝግቡ። ከመተኛትዎ በፊት አሥር ደቂቃ ይበቃል፦ የት ዋሉ? ማን ምን አለ? ምን ቀመሱ? አይዘንበርግና ክራፕፍ የተባሉት ሚሲዮናውያን እ.ኤ.አ. ከ1839 እስከ 1842 በሸዋና በሌሎች የአገራችን ክፍሎች የያዙት የዕለት ማስታወሻ በ1843 ለንደን ታትሟል። ዛሬም የንጉሥ ሣህለ ሥላሴን ዘመን የሚያጠኑ ሰዎች ያገላብጡታል፤ ያዩትን ሳይውል ሳያድር ጽፈውታላ።

2. አንድ ትዕይንት ይምረጡ። የአሥር ቀን ጉዞ በሙሉ አይጻፍም። ከአካባቢው ሕዝቦች አንዱ በሆነው በሐመር ሰው ቤት ገብተው የፈላ የቡና ገለባ በቅል ቀርቦልዎታል እንበል። ቅሉ እጅዎን እያቃጠለ እስኪበርድ ሲጠብቁ ባለቤቲቱ ምን አደረገች? ሳቀች? ከዚያ ይጀምሩ። ሽማግሌው ከበርኮታው (ከትንሿ የእንጨት መቀመጫው) ተነሥቶ «ተቀመጥ» ብሎዎት ከሆነ፣ «በደስታ ተቀበሉን» የሚለው ዐረፍተ ነገር አያስፈልግዎትም።

3. አስተርጓሚውን አይደብቁ። ሰውየው ረዘም አድርጎ ተናግሮ ወደ እርስዎ የደረሰው «ጥሩ ነው ይላል» ብቻ ከሆነ፣ እንደዚያው ይጻፉት። ያልሰሙትን ምስክርነት በሰው አፍ አያስቀምጡ።

4. ቀንና ቁጥር ያጣሩ። «ቅዳሜ ቀይ አፈር ገበያ ወጣን» ብለው ቢጽፉ የአካባቢው ሰው ይስቅብዎታል፤ የቀይ አፈር ገበያ ሐሙስ ነው፣ ቅዳሜ የዲመካ ነው። የተሰበሰበውን፣ የሰማውንና ያመነውን ሰው ደግሞ በአንድ ቁጥር አይጠቅልሉ። ዝናብ ሸሽቶ ጉባኤው ካለበት ዛፍ ሥር የገባም አለ።

5. ፈቃድ ይጠይቁ። እምነቱን የለወጠ ወጣት ስሙና ፎቶው ቢወጣ ከቤተሰቡ ሊጣላ ይችላል። እርስዎ ወደ ቤትዎ ይመለሳሉ፤ እሱ እዚያው ነው የሚያድረው። ለልጆች ፎቶ ወላጅን ያስፈቅዱ። ከተጠራጠሩ ስሙን ይተዉት።

6. የራስዎን ጉድለት አይዝለሉ። ትምህርቱን አስረዝመው ሰዎች ከብት ሊያስገቡ ተነሥተው ሄደውብዎት ይሆናል። ይህ ለሚቀጥለው ቡድን ከብዙ ምስጋና ይበልጣል፤ ከብት መግቢያ ሰዓት ላይ ጉባኤ እንዳይጠራ ያስተምረዋል።

7. በመጨረሻ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡ፤ ለጉባኤው ከማቅረብዎ በፊት ግን ለአስተርጓሚዎ ይደውሉና ያንብቡለት። «ጨለማ ውስጥ የሚኖር ሕዝብ» የሚለው ጋ ሲደርሱ በስልኩ ማዶ ዝም ካለ፣ እንዲያ ብለው የጠሩት የገዛ ዘመዶቹን ነው። ያንን መስመር ይሰርዙና ቅሉን የሰጠችዎትን ሴት መልሰው ያስገቡ።